ድምፅህ ይቆራረጣል

ዕድሜዬን የፈጀሁት የጠፋ መልእክት ስፈልግ ነው። ኮምፒውተር ለኮምፒውተር የሚልከው ነገር ተቆራርሶ ይጓዛል፤ አንዱ ቁራጭ መንገድ ላይ ሲቀር እንዴት እንደሚታወቅና እንደገና እንደሚላክ መመርመር ነበር እንጀራዬ። ብዙ ጽፌበታለሁ፤ ከአራሚዎቼ ሌላ ያነበበው ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። እንዲያም ሆኖ ጡረታ ሊገፈትረኝ ሲል ሙሉ ፕሮፌሰር ተባልኩ፤ ለማዕረጉ ንግግር አዘጋጅ ተባልኩ።

በዚያው ሰሞን አገሬ መንዝ፣ ሞላሌ ያለችው ታላቅ እህቴ ታመመች። የበግ ፀጉር እየፈተለች ያስተማረችኝ እሷ ናት። ከንግግሩ በኋላ ሄጄ አዲስ አበባ ላሳክማት ቆርጫለሁ፤ እስከዚያው ድምፅዋን ልስማ ብል ስልኳ አልሠራ አለ። ልጇ ዘንድ ደወልኩ፤ እዚያው ሞላሌ አስተማሪ ነው። ተሽሏት ዘመሮ የሚባል አገር ዘመድ ልትጠይቅ ሄዳለች፣ እዚያ ኔትወርክ የለም አለኝ።

በሙያዬ መጣብኝ። ተራራው ሞገዱን እንዴት እንደሚጋርደው ማስረዳት ጀመርኩ። ልጁ እሺ ጋሼ፣ እሺ ጋሼ ይላል፤ ድምፁ ብቅ ይላል፣ ይጠፋል።

“ድምፅህ ይቆራረጣል፤ እስቲ ከፍ ወዳለ ቦታ ውጣ” አልኩት።

ሲራመድ ይሰማኛል። ቆይቶ፣ “አሁንስ ይሰማል ጋሼ?” አለኝ። ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር። ምርመራዬ ስለሠመረልኝ ኮራሁና፣ ታወሩ የት መተከል እንደነበረበት አንድም ሳላስቀር ተነተንኩለት።

ንግግሬን አደረግሁ፤ ተጨበጨበልኝ። በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። የአገሬ ሽማግሌዎች ነጠላ ለብሰው ደጅ ቆመዋል። መርዶ በስልክ እንደማይነገር፣ በማለዳ በሰው እግር እንደሚመጣ መንዝ ውስጥ የማያውቅ የለም። እኔ ፕሮፌሰሩ ግን እንኳን ደስ አለህ ሊሉኝ የመጡ መስሎኝ፣ ግቡ ግቡ እያልኩ ወንበር አቀረብኩ።

ሞላሌ ስደርስ ቀብሩ አልፏል። ለቅሶው ጋብ ሲል ልጇን ለብቻው ይዤ፣ ስደውልልህ በሕይወት ነበረች ወይ አልኩት።

“በዚያው ዕለት ነው የቀበርናት” አለኝ። “ሥራውን እስኪጨርስ እንዳትነግሩት ብላ ነበር። ስልኩ አልተቆራረጠም ጋሼ፤ እያለቀስኩ ስለነበር ነው። ከፍ ወዳለ ቦታ ውጣ ሲሉኝ፣ እዚህ ከፍ ያለው ቤተ ክርስቲያኑ ነው፣ ተመልሼ ወጣሁ። እሷ አጠገብ ቆሜ ነው የሰማሁዎት።”

ስለ ታወር አተካከል ያን ሁሉ ያስተማርኩት፣ ለካ በመቃብሯ ላይ ነው።