የጥፍር ቀለም የተቀባች ሌንስ

መጀመሪያ ቀን ካሜራዬ ላይ ስገጥማት ካሜራው አላወቃትም። ስክሪኑ ላይ ሌንስ እንዳልተገጠመ ጻፈና ቀጥ አለ። እኔ እጄ ላይ ክብደቷን እየቻልኩ፣ ብረቷ መዳፌን እያቀዘቀዘው፣ እሱ "የለችም" ይለኛል። ሳቄ መጣ። እኔም ስቱዲዮው ውስጥ እንደዚያው ነበርኩ። ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ የተቀጠርኩት ፎቶ ለማንሳት ነበር፤ የተሰጠኝ ግን መብራት ነው። በየሰርጉ መብራት ይዤ እቆማለሁ፣ ጥላዬ እንኳ ፎቶው ውስጥ እንዳይገባ ይነገረኛል። ከዚያ መብራት ሥር ለመውጣት ነው ሌንሷን ያስመጣኋት።

ያመጣችልኝ ጓንዡ እየተመላለሰች ጫማ የምትነግደው ጎረቤታችን ናት። ያን ጊዜ ገርጂ ውስጥ በየሕንጻው አንድ ቻይና የሚመላለስ ሰው አይጠፋም ነበር። ካልሲ ውስጥ ጠቅልላ፣ የወንድ ጫማ ውስጥ ሸጉጣ አስረከበችኝ።

"አንቺ፣ በዚህ ዋጋ ደህና ሌንስ የለም። ሻጩ ራሱ ሲሰጠኝ እየሳቀ ነው" አለችኝ።

እውነቷን ነው፤ ርካሽ ናት። አለቃዬ ሌንሱን የሚከትበት ቦርሳ ብቻ ከእሷ ሳይወደድ አይቀርም። ከርካሽነቷም በላይ አውቶ የሚባል ነገር የላትም። የዛሬ ሌንስ ፊት ካየ ራሱ ፈልጎ ያጠራዋል። እሷ ግን አንገቷ ላይ ያለውን ቀለበት በእጅሽ እያዞርሽ፣ ምስሉ የሚጠራበትን ርቀት አንቺው እንድታገኚላት ትጠብቃለች። ይሄንን ለእማዬ ሳስረዳት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"ማየቱን የምታዪው አንቺ ከሆንሽ፣ እሷ ምን ሠርታ ትበላለች?"

የካሜራው ማስተካከያ ውስጥ ገብቼ፣ ሌንስ ባያውቅም እንዲያነሳ የሚያዘውን ቦታ ፈልጌ አበራሁትና እማዬን ራሷን አነሳኋት። ሳሎናችን ጨለማ ነው፤ ፊት ለፊታችን ፎቅ ተሠርቶ ፀሐዩን ወስዶብናል። የስቱዲዮው አሮጌ ሌንስ እዚያ ቤት ውስጥ ወደፊት ወደኋላ እያለ ሲዳክር ይውላል። የእኔዋ ሌንስ ግን አፏ ሰፊ ነው፣ ያለውን ብርሃን ትጠጣዋለች። ቀለበቷ ቅባት እንደነካው ማጠፊያ ለስልሳ ዞረች፤ የእማዬ ቅንድብ ከጭጋግ ውስጥ ወጣ፣ ቀጥሎ ዓይኗ፣ ቀጥሎ ንቀቷ። ቁልፉን ተጫንኩት።

ትዕግሥት የለኝም። ሰው ሁሉ እንዲህ ዓይነቱ ሌንስ ለታጋሽ ነው ይላል፤ ውሸት ነው። እኔን የሚያቃጥለኝ ማሽኑ እስኪወስን መቆም ነው። በእሷ ማንንም አልጠብቅም።

ጉድለቷን ግን አልደብቅም። ፀሐይ ፊት ለፊት ከመጣባት ምስሉ አጥሚት የፈሰሰበት ይመስላል። ዳር ዳሩ ይደበዝዛል። ክዳኗ ታክሲ ውስጥ ሁለቴ ወድቆ ከሰው እግር ሥር ለቅሜያለሁ። ከሁሉም የባሰው፣ አንገቷ ላይ የተጻፈው ርቀት ይዋሻል። የእማዬን የልብስ መለኪያ ሜትር ወለሉ ላይ ዘርግቼ ስፈትናት ሁለት ሜትር ብላ የጻፈችው ሁለት ሜትር አይደለም። ተናደድኩ፣ ትቻት ወጣሁ፣ ተመለስኩ። ከዚያ ቀይ የጥፍር ቀለም አምጥቼ እውነተኛው ሁለት ሜትር ላይ አንዲት ነጥብ ጣልኩባት። ሲደርቅ እንደ ብጉር አበጠ። ሳላይ በአውራ ጣቴ ዳስሼ የማገኘው ሆነ።

ልምምዱን ኢምፔሪያል ላይ ነው የሠራሁት። ሚኒባሶቹ የሚቆሙበት ጋ፣ ተሳፋሪ ሁሉ ሲወርድ እግሩን የሚያሳርፍበት አንድ የተሰበረ ድንጋይ አለ። ድንጋዩ ላይ አጠራለሁ፤ ሰውየው ሲረግጠው እጫናለሁ። ሰውን ማባረር የለም፣ ሰው ራሱ ወደሚመጣበት ቦታ ቀድሞ መድረስ ነው። አንድ ረዳት በሩ ላይ እንደተንጠለጠለ፣

"እህት፣ ትሳፈሪያለሽ ወይስ ለትራፊክ ፖሊስ ነው የምትቀርጪን?" አለኝ።

"አፍህን ዝጋ፣ ጥርስህ ጠርቶ ወጥቷል!" አልኩት። ጠርቶም ነበር።

አለቃዬ ግን አልሳቀም። ኦሎምፒያ ያለው ስቱዲዮ የእሱ ነው፤ ጋሼ እለዋለሁ። ሌንሷን ወደ መብራቱ አንስቶ አገላበጣትና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት።

"ይሄ የሽቶ ብልቃጥ ነው። ሰርግ እኮ ነው የምንሠራው፣ ሰርግ ቆሞ አይጠብቅሽም።"

ያዳነኝ የዘመኑ ጥድፊያ ነው። ያኔ ካሜራ የያዘ ሁሉ የራሱን ስቱዲዮ ይከፍት ነበር፤ የእኛም ሁለተኛ ፎቶ አንሺ በሰርግ ዋዜማ ዕቃውን ሸክፎ ሄደ። ጋሼ ሲበሳጭ ዋለና ማታ ላይ ጠራኝ።

"እኔ በር ላይ ነኝ፣ ሙሽራው ሲገባ። ቤት ውስጥ ያለው ያንቺ ነው፤ ጉልበት ሲሳም አንቺ ነሽ ያለሽው። የሰርጉ ፎቶ ሁሉ ቢጠፋ ቤተሰብ የሚጠይቀው ያንን ነው። ከሳትሽው ብልቃጥሽን ለጎረቤትሽ መልሺ፣ መብራትሽን ያዢ፣ ሁለተኛ ስለ ፎቶ አታንሺብኝ።"

"ካልሳትኩትስ?"

"መጀመሪያ አትሳቺው።"

ሰርጉ ለሚ ኩራ ነበር። ግቢው ዙሪያውን ባላለቁ ፎቆች ተከቧል። የሙሽሪት አባት ጤፍ ያጭዱበት የነበረው መሬት ላይ አሁን ክሬን ቆሟል፤ የቀራቸው ያ ግቢና ከኋላ ያለው ባሕር ዛፍ ነው። ቤተሰቡ እርስ በርሱ ኦሮምኛ ያወራል፣ ለእኔ ሲሆን በአማርኛ ይመልሱልኛል። መብራት ጠፍቷል፤ ጄኔሬተሩ ለድንኳኑ ሙዚቃ ተሰጥቷል። ሳሎኑ ውስጥ በመጋረጃው የሚገባው ብርሃን ብቻ ነው ያለው። የስቱዲዮውስ መብራት የት ሄደ እንዳትሉኝ፤ መብራት ያዧ እኔ ነበርኩ፣ እጄ ደግሞ ሁለት ነው።

አባትና እናት ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እኔ በሰያፍ፣ ሁለት ሜትር ላይ ቆምኩ። ዘዴዬን ከኢምፔሪያል ይዤ መጥቻለሁ፤ ሁሉም ሰው የሚጎነበሰው ወደ ጉልበት ነው፣ ጉልበት ደግሞ አይንቀሳቀስም። ቀለበቷን ቀይዋ ነጥብ ላይ አድርጌ የአባትየውን ጉልበት አጠራሁ። ጥግ ላይ የተቀመጡ አንዲት እናት አዩኝ።

"ሴት ናት እንዴ የምታነሳው? ምኑን ነው እንደ ዘይት ክዳን የምታዞሪው?"

"እንዳይፈስ ነው፣ እማማ።"

ሳቁ። አባትየው ግን ወደ እኔ ዞረው ጣታቸውን አነሱ።

"ልጄ፣ ፎቶ አንሺዎች 'ይድገሙልን' ትላላችሁ፣ አውቃችኋለሁ። ልጄን የምመርቃት አንድ ጊዜ ነው። ይድገሙልኝ እንዳትዪኝ።"

"አልልም፣ አባባ።"

ጋሼ በየሰርጉ "አንዴ ይድገሙልን!" ሳይል የወጣበት ቀን የለም። እኔ መድኃኒቱን ገና ሳልጀምር ተከለከልኩ።

ሙሽሪት ከመውጣቷ በፊት የወንድምና የእህት ልጆች እየገቡ ጉልበት መሳም ጀመሩ። ተጫንኩ፣ ተጫንኩ፣ ተጫንኩ። ስክሪኑን አየሁት። የአባትየው ሱሪ ክሩ ይቆጠራል። የልጆቹ ፊት ግን ጭጋግ ነው፤ ሁሉም። ሌንሷን ልረግማት አፌን ከፈትኩና ቀና ብዬ ተመለከትኩ። አንዲት የእህት ልጅ ገባች፣ ጎንበስ አለች፣ አባትየው ግማሽ መንገድ ላይ ትከሻዋን ያዙ፣ "በቃ፣ በቃ፣ ተነሺ" ብለው ጉንጯን ሳሙ። ቀጣዩም እንደዚያው። ጉልበት የደረሰ ከንፈር የለም!

ዕድሜዬን ሙሉ ጉልበት ስሜያለሁ፤ ደርሼበት ግን አላውቅም። አጎቶቼ ሁሌ ትከሻዬን ይዘው ያነሱኛል። ለመሳም መውረድ የልጅ ነው፤ ሳያስጨርሱ ማንሳት የትልቅ ሰው ነው። ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ስለምናውቀው አናየውም። ሌንሷ አልሳተችም። ጉልበት አልኳት፣ ጉልበት ሰጠችኝ። ሞኟ እኔ ነኝ፤ ማጥራት የነበረብኝ እጅና ትከሻ የሚገናኙበት ላይ ነው፣ ከጉልበቱ ትንሽ ወደ እኔ ቀረብ ብሎ። ቀለበቷን ከነጥቧ በአንድ ጣት ስፋት ገፋሁ። ቀጥሎ የገባው ልጅ የዓይን ሽፋሽፍቱ ሳይቀር ወጣ።

ያን ጊዜ ውጭ ጩኸቱ ጨመረ፤ ሙሽራውና ሚዜዎቹ በር ላይ ደርሰው እንደ ደንቡ እየተከለከሉ ነው። ሙሽሪት ከጓዳ ወጣች።

መጀመሪያ ወደ እናቷ ሄደች። ጎንበስ ስትል እናትየው ቀድመው በሁለት እጃቸው ፊቷን ያዙት። ተጫንኩ። ጥርት ያለ ነው፤ ሳላየው አውቄዋለሁ።

ወደ አባቷ ዞረች። ጎንበስ አለች። እጃቸው እስኪነሳ ጠበቅኩ፤ ቤቱ ሁሉ የሚጠብቀው ያንኑ ነው። አልተነሳም። ቀኑን ሙሉ ሰውን ሁሉ ሲይዙ የዋሉት እጆች ሶፋው ላይ ቀሩ። ልጅቷ የሚያቆማት ስታጣ ወረደች፣ ወረደች፣ ግንባሯ ጉልበታቸው ላይ አረፈ። በካሜራው መመልከቻ ውስጥ ፊቷ ከእጄ አምልጦ ወደ ጭጋግ ሲገባ አየሁ። ያኔ ያሰብኩት ነገር የለም። ግራ እጄ ቀለበቷን ወደ ኋላ መለሰ፤ አውራ ጣቴ ያቺን የጥፍር ቀለም እብጠት ፈለገ፣ አገኘ፣ ቆመ። ጥርት አለች። አባትየው አንገታቸውን ደፍተው፣ አፋቸው ቬሏን እየነካ፣ በኦሮምኛ የሆነ ነገር አሏት። ምን እንዳሏት አልሰማሁም፤ ለእኔም አልነበረም። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ተጫንኩ። ከዚያ በኋላ ነው በሁለት እጃቸው ያነሷት።

ጋሼ ላቡን እየጠረገ የገባው ያኔ ነው። አንድ እግሩ ገና በር ላይ ነው።

"አባት፣ አንዴ ይድገሙልን!"

"ተስሟል፤ አልቋል" አሉት አባትየው። በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቱ። "ከእሷ ጠይቅ።"

ጋሼ አየኝ። ካሜራዬን ደረቴ ላይ አጥብቄ ያዝኩና ዓይኔን አልሰበርኩም።

ሰኞ ኦሎምፒያ ፎቶዎቹን በትልቁ ስክሪን ከፈታቸው። የእናቲቱን አለፈ። አባትየው ላይ ሲደርስ ቆመ። አጎላው፤ የቬሉ ጥልፍ አንድ በአንድ ወጣ። አጎላው፤ አባትየው ሲላጩ የሳቷት አንዲት ነጭ ፂም ታየች። ስህተት እየፈለገ ነው፤ ይፈልግ። በመጨረሻ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተለጠጠ።

"ዳሩ ደብዝዟል።"

"ዳሩ ላይ ያለው ሶፋ ነው" አልኩት። "ሶፋው አልተዳረም።"

ሳቁን ሊውጠው ሞከረ፣ አልቻለም። እጁን ዘረጋ፣ ሌንሷን ከነካሜራው ሰጠሁት። ወደ እኔ አነጣጠረ፣ ቀለበቷን ወዲያ ወዲህ አዞረ፣ ተጫነ። ስክሪኑ ላይ ስወጣ የጠራው ጆሮዬ ብቻ ነው። አገላበጣትና ጣቱ እብጠቷ ላይ ቆመ።

"ይቺ ቀይ ምንድን ናት?"

"የጥፍር ቀለም።"

"ለምን?"

"የፋብሪካው ርቀት ይዋሻል። እውነተኛው እሱ ነው።"

ሌንሷን መለሰልኝና ዓይኑን ወደ ስክሪኑ መልሶ፣ እንደ ዋዛ፣

"ለቅዳሜው ሰርግ መብራት የሚይዝ ሰው ፈልጊ" አለኝ።

አላመሰገንኩትም። የሚገባኝን ነው የሰጠኝ። ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ መቀመጥ አልቻልኩም፤ ከኦሎምፒያ እስከ ኢምፔሪያል በእግሬ ሄድኩት፣ አቧራውን፣ የአርማታ ማደባለቂያውን ጩኸት፣ ሁሉንም አልፌ። ያ የተሰበረ ድንጋይ ጋ ስደርስ ካሜራዬን ከቦርሳ አወጣሁ፤ ያው ረዳት በሩ ላይ ተንጠልጥሏል።

"ትራፊኳ! ዛሬስ ትገቢያለሽ?"

"ሥራ ላይ ነኝ!" አልኩት፣ አውራ ጣቴን ቀይዋ ነጥብ ላይ አድርጌ።