ለመስቀል ልንሄድበት የነበረው ባሕር

ልጄ ማህሌት ባለፈው እሑድ ልትጠይቀኝ መጣችና ከቦርሳዋ አንድ ነጭ ብልቃጥ አውጥታ፣ «አባዬ፣ እስቲ እጅህን» ብላ ከውስጡ ጠብ አድርጋ አይበሉባዬን አሸችልኝ። ለፀሐይ የሚቀቡት ነው አሉ። ጥር ላይ፣ ጥምቀት ሲያልፍ፣ ከባሏና ከልጆቿ ጋር ዛንዚባር የምትባል ደሴት ሄደው ባሕር ዳር ሊሰነብቱ ነው፤ እኔንም ይዘውኝ ሊሄዱ ቆርጠዋል። ዕድሜ ልኬን መርካቶ ፀሐይ ላይ ጆንያ ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝና ፀሐይን በቅባት መከላከል አስቂኝ ሆኖብኝ ልስቅ አፌን ስከፍት፣ ሽታው ገባና ሳቄ እዚያው ቀረ። ኮኮናት ነው የሚሸተው። ያንን ሽታ ከልጅነቴ ወዲህ እንዲህ ቀርቤ አሽትቼው አላውቅም።

እሷ ስልኳን ከፍታ ውኃውን፣ አሸዋውን፣ የምናድርበትን የሣር ክዳን ቤት ታሳየኛለች። «ወሩ ፒክ ሲዝን ነው አባዬ፣ ሁሉም ይሻማበታል፣ ከዘገየን ቦታ አናገኝም። ግን ዝናብ የሚባል የለም፤ ጥርት ያለ በጋ ነው።» «ቆይ እስቲ» አልኩና እጄን መልሼ አሸተትኩ። ባሕር ማየት ጠልቼ አይደለም፤ ከእኔ በላይ የፈለገው ሰው የለም፣ ከልጅነት ጓደኛዬ ከከድር በቀር። የቸገረኝም እሱ ነው፤ ከከድር ጋር ልናየው ስንት የተመከረበትን ባሕር ብቻዬን ሄጄ ልየው ወይ?

ልጅ ሳለን የምንኖረው መርካቶ፣ ከእህል በረንዳ ጀርባ በነበረ ግቢ ውስጥ ነው፤ ዛሬ ቦታው ላይ መስታወት የለበሰ ፎቅ ቆሟል። ግቢው አንድ የውኃ ቧንቧ፣ መሐሉ ላይ አንድ የቆርቆሮ ዳስ፣ ዙሪያውን ደግሞ ትከሻ ለትከሻ የተደጋገፉ የጭቃ ቤቶች ነበሩት። ጧት ጧት የጤፍ ብናኝ በበሩ ስንጥቅ እየገባ የታጠበ ልብስ ላይ ያርፋል፤ ከሰዓት ደግሞ የበርበሬው ሽታ ከወዲያ ተራ ይነሣና ሁላችንንም ያስነጥሰናል፤ አንዱ ቤት ላነጠሰ ሰው «ይማርህ» የሚባለው ከሌላው ቤት ነው፣ ግድግዳው ያን ያህል ስስ ነበር። አባቴ የተቀደደ ጆንያ ይጠግናል። በሩ አጠገብ ቁጭ ብሎ በዚያ በጎባጣ መርፌው ሲባጎ ሲስብ የሚሰማው ድምፅ ለእኔ እስካሁን የቤት ድምፅ ነው።

ከድር የጎረቤታችን የእትዬ ዘይነባ ልጅ ነው፤ ዕድሜያችን እኩል። ችፌ ነበረበት። ክርኑና ከጉልበቱ ጀርባ ያለው ቆዳ እየተሰነጠቀ ይደማል፤ በጋ ገብቶ ደረቁ ንፋስ ሲመጣ ይብስበታል፣ ሲያክክ በግድግዳው በኩል እሰማዋለሁ። የሰፈር ልጆች «አዞ» ይሉታል። እሱም «አዞ ከሆንኩ ኑ ልንከሳችሁ!» እያለ ያባርራቸው ነበር፤ ዞር ሲሉለት ግን እጅጌውን ወደ ታች ይጎትታል።

የበሩ አጠገብ ክፍል የጋሼ ሀብቴ ነበረች። ጋሼ ሀብቴ ተሳቢ ያለው ካሚዮን ይነዳሉ፤ ከምጽዋ ወደብ ዕቃ ጭነው መርካቶ ያራግፋሉ። ትዳር የላቸውም፤ ቤተሰባቸው ግቢው ነው። ከመንገድ ሲገቡ እግራቸውን ይታጠቡና ዳሱ ሥር በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ፤ ያኔ ሰው ሁሉ የያዘውን ሥራ ይዞ ይመጣል፣ ምስር የምትለቅመው ምስሯን፣ አባቴ ጆንያውን። እሳቸውም የባሕርን ወሬ ያወራሉ። አወራራቸው ደግሞ አይቸኩልም። ውኃው ጧት ምን እንደሚመስል፣ ማታ ምን እንደሚመስል፣ ማዕበሉ ሲመለስ ከእግር ሥር ያለው አሸዋ እየሸሸ ሰው የቆመበት መሬት የሚሄድ እንደሚመስለው፣ ከምጽዋ ማዶ በጀልባ የሚደረስባቸው ደሴቶች እንዳሉ፣ እዚያም ሰው በሌለበት አሸዋ ላይ ኤሊ ወጥታ እንቁላሏን እንደምትቀብር። እየነገሩን ዝም ሲሉ ማንም ትንፍሽ አይልም፤ ውኃው እስኪመለስ የምንጠብቅ ይመስል አብረናቸው ዝም እንላለን።

አንድ ቀን፣ በጥር ነው፣ አንድ ጠጉራም ነገር በጋቢያቸው ጠቅልለው ገቡ።

«ምንድነው እሱ ሀብቴ? የዝንጀሮ ራስ ነው እንዴ?» አሉ እትዬ አስካለ። እትዬ አስካለ ከጎጃም የመጡ ባልቴት ናቸው፤ በግቢው በዕድሜም በአንደበትም የሚበልጣቸው አልነበረም።

«ፍሬ ነው እትዬ። ኮኮናት ይባላል። ከሩቅ ደሴት በመርከብ የመጣ ነው።»

«ፍሬ ጠጉር ያበቅላል? ምን ዓይነት አገር ነው ልጄ!»

እንዴት እንደሚከፈት እሳቸውም አላወቁም። በድንጋይ መቱት፣ ነጠረ። በመጥረቢያ ሊሉት ሲቃጡ እትዬ ዘይነባ «ልጆቹን አርቁ!» ብለው ጮኹ። በመጨረሻ አባቴ አገላብጦ አየው፣ ሦስት ዓይን እንዳለው ደረሰበትና አንዱን በጆንያ መርፌው ወጋው፤ ውኃው ተንጠባጠበ፣ ከዚያ በኋላ ተሰበረ። ነጩ ሥጋው ለግቢው ሰው ሁሉ ሲካፈል ለእያንዳንዳችን ጥፍር የምታህል ደረሰችን። ከድር የደረሰውን አልዋጣትም፤ ጉንጩ ውስጥ ይዟት ዋለ። ቅርፊቱን እየተቀባበልን ስናሸት የከድር እጅጌ ከፍ አለና ጋሼ ሀብቴ ክርኑን አዩት።

«የዚህ ልጅ መድኃኒቱ ባሕር ነው» አሉ። «ምጽዋ ስንት ችፌያም አይቻለሁ፣ በባሕር ውኃ እየታጠበ የዳነ። ልውሰደው እኮ። ጥሩው ጊዜ አሁን ነው፣ ቀዝቀዝ ይላል፤ ክረምት ከሆነ እዚያ ሰው በቁሙ ይቀቀላል።»

እትዬ ዘይነባ እጃቸው ላይ ያለው ሰፌድ ቆመ። «ከልብዎ ነው ጋሼ ሀብቴ?»

«ከልቤ ነው። ይኼንንም ጨምሬ፣ ብቻውን እንዳይከፋው» ብለው ወደ እኔ ጠቆሙ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግቢው ሌላ ሥራ አልነበረውም ብል ብዙ አልዋሸሁም። እናቴ በሶ ፈጨች፣ እትዬ ዘይነባ ዳቦ ቆሎ ቆሉ። አባቴ ከዱቄት ከረጢት የመዋኛ ቁምጣ ሰፋልን፤ የፋብሪካው ማኅተም ቢታጠብ ቢታጠብ አልለቅ ብሎ መቀመጫችን ላይ ቀረ፣ ጎንበስ ስንል ሰው ያነበናል። ዋናም መልመድ ነበረብን፤ ውኃ ከየት ይምጣ? እህል በረንዳ እንሄድና የስንዴ ክምር ላይ በደረታችን ተኝተን እጅና እግራችንን እናወራጫለን። ስንዴ ከላይ ፀሐይ የመታው ይሞቃል፣ ክንድህን ጠለቅ ስታደርገው ግን ቀዝቃዛ ነው፤ ባሕርም እንዲህ ይሆናል ብለን ደምድመን ነበር። ዘበኛው ዱላውን ይዞ «እናንተ! ሰው የሚበላውን!» እያለ ሲያሯሩጠን ከድር እየሮጠ ዞር ይልና «ጋሼ፣ እየዋኘን እኮ ነው!» ይለዋል። አቧራው ችፌውን ያነሣሣበት ነበር፤ ግን አንድ ቀን «ዛሬ እንቅር» ብሎኝ አያውቅም።

የምንነሣበት ቀን ሲቃረብ እትዬ አስካለ አንድ ጥያቄ አመጡ።

«ለመሆኑ በበጋ ነው ልጆቹን የምትወስዳቸው?»

«አዎ እትዬ።»

«ኧረ ሀብቴ! እኔ ዓባይን እያየሁ ያደግሁ ሰው ነኝ። ዓባይ እንኳ፣ ያን ሁሉ ግርማ ይዞ፣ በጋ ሲሆን ቀጥኖ ድንጋዩ ይወጣል። ያንተ ባሕር በዚህ ደረቅ ምን ተርፎት ነው? ጭቃ ልታሳያቸው ነው?»

«ባሕር አይጎድልም እትዬ።»

«የማይጎድል ውኃ አለ? በል ንገረኛ!»

ጋሼ ሀብቴ ሳቁ፤ ግን ብቻቸውን ነው የሳቁት። ቧንቧችን በጋ በገባ ቁጥር በጠብታ ሲሰስትብን የኖርን ሰዎች ነን፤ በጋ ማለት ውኃ የሚጠፋበት ጊዜ እንደሆነ ሕፃኑም ያውቃል። አባቴ መርፌውን አቁሞ «እውነታቸውን እኮ ነው» አለ። እትዬ ዘይነባ ልጃቸው በዚያው ሰዓት ቢሄድላቸው በወደዱ፤ ሆኖም «ለመድኃኒትነቱስ ሞልቶ ሲገኝ አይሻልም?» ሲባሉ እሳቸውም አመነቱ። ብዙ ተባለበት፣ አንዱ ሲጥል ሌላው ሲያነሣ ዋለ፣ በመጨረሻ ክረምቱ አልፎ ባሕሩ ሲሞላ፣ ለመስቀል እንድንሄድ ተቆረጠ። ጋሼ ሀብቴ ትልቅ ሰው ማስቀየም አይሆንላቸውም። «እሺ እትዬ፣ ለመስቀል ይሁን» አሉ።

ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ሲመጣ ከድርን ደስ ይለዋል። ቆርቆሮው ሲንኳኳ በግድግዳው በኩል «እየሞላ ነው» ይለኛል። እኔም «እየሞላ ነው» እለዋለሁ።

በዚያው ክረምት የሰሜኑ መንገድ ሰላም አጣ ተባለ፤ የጋሼ ሀብቴ አሠሪ ወደ ጅማ መስመር አዞራቸው። መስቀል ሲደርስ ከጅማ መጡ። ካሚዮኑን ውጭ አቁመው ገቡ፣ እግራቸውን ሳይታጠቡ ዳሱ ሥር ቆሙና «ዘይነባ፣ አልሆነልኝም» ብቻ አሉ። ከልብሳቸው የሚሸተው እርጥብ ጭቃና ቡና ነው። ስንቁ በየቤቱ ተቋጥሮ ተቀምጧል፣ እኛ ቁምጣችንን ከሱሪያችን ሥር ለብሰን ነው የዋልነው። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። መልሰው አወረዱትና «ሀብቴ፣ ከምጽዋ ያመጣኸው ጨው የለህም?» አሉ።

ነበራቸው፤ አንድ ከረጢት የባሕር ጨው አልጋቸው ሥር ነበር። ትልቁ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ወጣ፣ ውኃ ከየቤቱ ተለቀመ፣ ጨው ተበተነበት። ጋሼ ሀብቴ በጣታቸው እየቀመሱ «ጨምሩ… ጨምሩ… አሁን ደረሰ» ይላሉ። ከድር ገባ። ጨው የተሰነጠቀ ቆዳ ሲነካ ምን እንደሚያደርግ ከዚያ ሁሉ ትልቅ ሰው አንድም አላሰበውም ነበር። ጮኸ። ሊወጣ ሲል እናቱ ትከሻውን ይዘው፣ እያለቀሱ፣ «ትንሽ ብቻ፣ ትንሽ ብቻ» ይሉታል። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ሱሪዬን አውልቄ ከኋላው ገባሁ። ሳፋው ለሁለት አይበቃም፤ ጉልበቴ ከጀርባው ተጣበቀ። ጋሼ ሀብቴ ተንበርክከው ሳፋውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወዲህና ወዲያ ቀስ አድርገው ያወዛውዙን ጀመር፣ «አሁን መጣ… አሁን ደግሞ ሄደ…» እያሉ። ከድር ለቅሶውን ውጦ ያዳምጥ ነበር፤ ከዚያ ወደ እኔ ሳይዞር «አሸዋው እየሸሸ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «እየሸሸ ነው» አልኩት።

ችፌው ሲያድግ በራሱ ጊዜ ለቀቀው፤ እትዬ ዘይነባ ግን እስኪሞቱ ድረስ ያዳነው ያ ጨው ነው ይሉ ነበር። ጋሼ ሀብቴ ጅማ ትዳር ይዘው እዚያው ቀሩ። እትዬ አስካለን ቀበርናቸው፣ አባቴንና እናቴንም፤ ግቢው ሲፈርስ የቀረው ሰው በየአቅጣጫው ተበተነ።

ሰኞ ዕለት መርካቶ፣ ሰባተኛ የሚባለው ሰፈር ወደሚገኘው የከድር ብርድ ልብስ መሸጫ ሄድኩ። ልጁ ይሸጣል፣ እሱ ተደርድሮ በታሰረ ብርድ ልብስ ላይ ዱላውን ይዞ ይቀመጣል።

«ማህሌት ባሕር ልትወስደኝ ነው» አልኩት። «አንተንም እንድትጨምርህ ልንገራት?»

«በዚህ ጉልበት? ከዚህ እስከ መስጊዱ የምደርሰው በዚህ ልጅ ትከሻ ነው፣ አንተ ደሴት ትለኛለህ!» አለና ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ደግሞ አንተ ሽማግሌ፣ በዚያ ቅልጥምህ ራቁትህን ልትታይ ነው? ያገሩ ሰው ምን በደለ?»

ስቀን ስናበቃ «እኔም እንግዲህ ይቅርብኝ» አልኩት። «ያላንተ ምን ያደርግልኛል?»

ተቆጣ። በዱላው ወለሉን መታ። «እና ሁለታችንም ሳናየው እንሙት? ምን ዓይነት ሰው ነህ! ትሄዳታለህ። ሄደህም ትገባበታለህ፤ ዳር ቆሞ ተመለሰ ሲሉህ እንዳልሰማ።»

«እሺ፣ ማህሌት በስልክ ታሳይሃለች።»

«ስልኩን ተወኝ። በስልክ የልጅ ልጆቼ በየቀኑ ያሳዩኛል፣ ዓሣ ነባሪም አይቻለሁ። እኔ እንድትነግረኝ ነው የምፈልገው። ስትመለስ እዚህ ትቀመጣለህ፣ የሚያስቸኩለኝ የለም፣ ቀስ ብለህ ትነግረኛለህ።»

ማታ ማህሌት ስትመጣ «እሄዳለሁ» አልኳት። ደስ አላት፤ እዚያው አጠገቤ ተቀምጣ በጣቷ እየነካካች መቀመጫውንም መኝታውንም ጀልባውንም ጨረሰችው፣ ሻይዬ ሳይቀዘቅዝ። ማንንም አልጠየቀችም፤ የሚጠየቅም የለም። እኔ ላላየሁት ለዚያ ባሕር ግን ከጥር እስከ መስቀል አንድ ግቢ ሙሉ ሰው ሥራውን አስቀምጦ መክሮበታል፣ የሚያውቀውም የማያውቀውም ቃል ጥሎበታል፣ ለሁለት ሕፃናት ብሎ። ማህሌት ያንን ሁሉ ብታመጣልኝ ዛንዚባሯን በደስታ እመልስላት ነበር።

አሁን የሚያስጨንቀኝ አወራሩ ነው። የጋሼ ሀብቴ አንደበት የለኝም። የጆንያ ሱቄ ቁጭ ብዬ ከየት እንደምጀምርለት አስባለሁ፤ ከጧቱ ውኃ ልጀምር፣ ወይስ መጀመሪያ እግሬን ከነካው? እሳቸው ዝም ሲሉ ዝም የሚላቸው ግቢ ነበራቸው፤ እኔ ዝም ስል ዝም የሚለኝ አንድ ከድር ነው የቀረኝ፣ እሱም በወሬ መሐል ማንቀላፋት ጀምሯል። ብቻ ጥር እስኪያልቅ ይቆይልኝ፤ ቢያንቀላፋም ቀስቅሼ እነግረዋለሁ።