ገደል መሃል የተናዘዝኩት

ከፍታ እንደምፈራ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ስለዚህ አምቦ አብረውኝ የሚያስተምሩት ጓደኞቼ ከጭልሞ ጫካ በላይ ያለውን ገደል፣ ድንጋዩ ላይ በተተከለው የብረት መርገጫ እንውጣ ሲሉ፣ ከሁሉም ቀድሜ የደህንነት ቀበቶውን የታጠቅኩት እኔ ነኝ።

መሃል ላይ ስደርስ ቁልቁል አየሁ። በቃ! ብረቱን አቅፌ ቀረሁ። ጓደኞቼ ወጥተው ተሰወሩ። ከበታቼ የቀሩት፣ ብረቶቹን በመዶሻ መታ መታ እያደረጉ የሚፈትሹ አንድ አዛውንት ብቻ ነበሩ።

«ጃባዱ ልጄ» አሉኝ በኦሮምኛ፤ «በርታ፣ አይዞህ። ወደ ታች አትይ፤ ይልቅ አጫውተኝ። ሚስት አለችህ?»

ከፍርሃቴ የተነሣ አፌ አላርፍ አለ። ጫልቱ የምትባል የጌዶ ልጅ እንደምወድ፣ እሁድ አባቷ ዘንድ ሽማግሌ እንደምልክ፣ ሰውዬውን አይቻቸው ባላውቅም «ብረት ናቸው» ሲባል እንደሰማሁ፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት።

«እምቢ ካሉኝማ አባባ፣ ከዚህ ብወድቅም ግድ የለኝ!» አልኩ፣ ብረቱን ይበልጥ ጨምድጄ እየያዝኩ።

«ብረትን አትማ፤ አሁን የያዘህ እሱ ነው። በል ግራ እግርህን አንሳ።»

እንዲህ እያስለፈለፉ፣ እግሬን አንድ በአንድ እያስነሱ አናቱ ላይ አደረሱኝ። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዘው አቃኑኝ።

«እሁድ ሽማግሌዎችህን እጠብቃለሁ» አሉ። «ለሠርጉ ስትመጣ ግን ቀበቶውን እንዳትረሳ፤ ቤቴ ሦስት ደረጃ አለው።»