ስፒንድሉ እስኪታዘዝ

ባለቤቴ ሊሰደድ ማሰቡን የነገረኝ እሱ አይደለም፤ ስልኩ ነው። ግቢያችን ውስጥ ቆሞ ከደላላው ጋር በትግርኛ ያወራ ነበር። ፈጠን አድርጎ ካወራ የማይገባኝ ይመስለዋል። ወሎ ተወልጄ መቀሌ ስዳር ጆሮዬን እዚያው የተውኩት መሰለው እንዴ! በአፋር በኩል፣ ከዚያ ባሕሩ፣ ከዚያ ሳዑዲ። አንዷም አላመለጠችኝም። የያዝኩትን የልብስ ሳፋ መሬት ላይ አስቀምጬ ፊቱ ሄጄ ቆምኩ።

«እኔንስ ለማን ልትሰጠኝ ነው?»

ደነገጠ። መካድ ግን አይችልበትም። «አንቺንና አባቴን ባዶ ቤት ጥዬ አልሄድም» አለ መሬት መሬቱን እያየ። «መጀመሪያ ማሽኑ ይሥራ።»

እኔ ይህን እንደ ተስፋ ያዝኩት። እጁ ላይ ሥራ ያለው አናጢ ባሕር ላይ ምን ይሠራል? ማሽኑ ከሠራ ይቀመጣል፣ ካልሠራ ይሄዳል፤ ለእኔ ነገሩ ይሄው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎረቤት «ማሽናችሁ እንዴት ሆነ?» ሲለኝ ስለ ትዳሬ የጠየቀኝ ይመስለኛል።

ማሽኑ ሲኤንሲ የሚሉት ነው። ኮምፒውተር ላይ የተሳለውን ጌጥ እንጨት ላይ ይቀርጻል፤ መጠኑ ከምግብ ጠረጴዛ አይበልጥም። ባለቤቴ ድሮ መጋዙም መላጊያውም ነበረው፤ በዚያ በክፉው የጦርነት ጊዜ ሁሉም ሄደ። ይህን ደግሞ የአክስቱ ልጅ ከዐረብ አገር ሲመለስ ብትንትኑን በካርቶን አምጥቶ ሰጠው። ገጣጠምነው። ወደ ግራም ወደ ቀኝም ተንቀሳቀሰ፤ ሰፈሩ እየመጣ አየልን። ችግሩ ስፒንድሉ ነው፣ መቅረጫ ብረቱን ነክሶ የሚሽከረከረው ሞተር። የስፒንድሉን ፍጥነት የሚመጥነው ኢንቨርተር የሚባል ሣጥን ፊቱ ላይ ማዞሪያ ነበረው፤ እሷ መንገድ ላይ ተሰብራለች። ስለዚህ ስፒንድሉ ልክ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ወይ ቆሟል ወይ በሙሉ ኃይሉ ይጮኻል። ዋንዛውን ሲነካው ጠርዙ ይከስላል፣ ቤቱ ጭስ ጭስ ይላል፣ ቀጭን መቅረጫ ከሆነማ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ሐወልቲ አካባቢ ያለ አንድ ሆቴል ለአልጋ ራስጌ ናሙና አሳዩኝ ብሎን ነበር። የከሰለ እንጨት ተሸክመን ምን ብለን እንሂድ?

እሱ እንጨት እንጂ ሽቦ አያውቅም። ሽቦ የእኔ ነው። ሥራው እስኪቆም ድረስ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ፋብሪካ ጥገና ክፍል ነበርኩ፤ የስፌት ሞተር ሲያብድ የምጠራው እኔ ነኝ። «የሞተር ሐኪም» እያለ ይቀልድብኝ ነበር ባለቤቴ። ስፒንድሉን ላስተካክል በተቀመጥኩባት ቅዳሜ ግን ቀልዱም ቀረ። ኪሱ ውስጥ ስልኩ በነዘረ ቁጥር ይወጣል፣ ይመለሳል፣ ከኋላዬ መጥቶ ይገተራል።

«ደረሰ?»

«አልደረሰም።»

«ምን ቀረው?»

«የአንተ ዝም ማለት ቀረው!»

አማቴ በር ላይ ሆነው ሳቁ። የባለቤቴ አባት ናቸው፤ አቦይ ነው የምላቸው። ልብስ ሰፊ ነበሩ፣ አሁን ዐይናቸው ደክሟል። እኛ ስንሠራ ወንበራቸውን በሩ ላይ አድርገው የዶቃ መቁጠሪያቸውን፣ ሙስበሃቸውን፣ እየቆጠሩ ይውላሉ። ሲስቁ ግን ልጃቸውን አላዩትም፤ ያኔ ልብ ማለት ነበረብኝ።

የፈለግኩት ኢንቨርተሩ ትእዛዝ ከኮምፒውተሩ እንዲቀበል ነው፤ ሥዕሉ እዚህ ጋ ቀስ፣ እዚያ ጋ ፈጠን ሲል ሰው እየሮጠ አያዞርም። መጀመሪያ የራሱን ማዞሪያ ረስቶ ከውጭ የሚመጣውን ሽቦ እንዲሰማ ቁጥሮቹን መቀየር ነበረብኝ። መመሪያው ቻይንኛና ስብርባሪ እንግሊዝኛ ነው፤ አንዷን ቁጥር ለማግኘት ረፋዱ አለቀ። አገኘሁና ዐሥራ ሁለት ሺህ ዙር ብዬ አዘዝኩ። ስድስት ሺህ ሰጠኝ። ቴስተሩን ሳስገባ ገባኝ፤ ከኮምፒውተሩ ጋር የተያያዘው ቦርድ ቢጮኽ ቢጮኽ ድምፁ አምስት ቮልት ነው፣ ኢንቨርተሩ ደግሞ ዐሥር ካልሰማ ሙሉውን አይሰጥም። መኻላቸው ድምፅ የምታጎላ ትንሽ ካርድ አስገባሁ። አሁን ደግሞ ማንም ሳያዘው ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይል ጀመር። ያ ረቢ! ሁለት ሰው የሚያዝዝበት ቤት ሆነብኝ። ለካ እንዲያምር ብዬ ቀጭኑን የትእዛዝ ሽቦ ከወፍራሙ የሞተር ሽቦ ጋር አስሬው ኖሯል፤ ወፍራሙ ቀጭኑን ይረብሸዋል። ለየኋቸው፣ የቀጭኑን መረብ ልባስ በአንድ በኩል ከመሬት ሽቦ ጋር አሰርኩት፤ ጸጥ አለ። የስፒንድሉ ማስነሻ ለጊዜው በእጅ ይሁን ብዬ ከመኝታ ቤት የተረፈች ተራ የመብራት ማብሪያ ገጠምኩለት።

ዐሥራ ስምንት ሺህ አዝዤ ጆሮዬን ደግኜ ሳዳምጥ መብራት ጠፋ።

ስፒንድሉ እያቃሰተ ቆመ። ባለቤቴ ራሱን ያዘ። «በቃ፣ ዛሬም አለቀ» አለና ስልኩን ይዞ ወጣ። ያቺ ስልክ! ወላሂ፣ ጉድጓድ ሽንት ቤት ብከታት ደስ ባለኝ። ማብሪያዋን አጠፋሁ፤ ከፋብሪካ ይዤው የወጣሁት ልማድ ነው። ላፕቶፑ በባትሪው እንደበራ ትቼው ውሃ ልጠጣ ወደ ቤት ገባሁ።

እዚህ ከተማ መብራት ሲጠፋ ሁሉን አጥፍቶ የሚቀመጥ የለም። አንድ ነገር ይተዋል፤ መብራት ሲመጣ እንዲነግረው። አንዱ ሬዲዮ ይተዋል፣ አንዱ የጓዳ አምፖል። እኛ መሥሪያ ክፍሏ ውስጥ አምፖል አልነበረንም፤ ገመዱን ለማሽኑ ፈትቼዋለሁ። አቦይ ብቻቸውን ቀሩ። ጠረጴዛው ላይ የተንጋለለች የመብራት ማብሪያ ታየቻቸው፤ ጠፍታለች። ተነሥተው አበሯት። ለልጆቻቸው ብለው።

እኔ ይህን አላየሁም። ተመልሼ መጣሁ፣ መብራት እስኪመጣ ሥራ ልሥራ ብዬ ቀጭኑን መቅረጫ ልቀይር ጎንበስ አልኩ። በቀኜ መፍቻውን ነት ላይ አስገባሁ፣ በግራዬ የስፒንድሉን አንገት ጥርቅም አድርጌ ያዝኩ። መብራት የለም፣ ምን ያስፈራል? ባለቤቴም ተመልሶ ካጠገቤ ቆመ።

የኢንቨርተሩ ማራገቢያ ተነፈሰ።

«መጣ!» አሉ አቦይ በደስታ።

ከዚያ የያዝኩት ብረት እጄ ውስጥ ተንቀሳቀሰ። ላፕቶፑ ዐሥራ ስምንት ሺህ እንዳለ አልረሳም ለካ። ቀስ ብሎ እንዲነሣ አድርጌው ስለነበር እጄን ለመንጠቅ ዐይን ጨፍኖ የመግለጥ ያህል ጊዜ ሰጠኝ፤ ያንንም ግማሹን በድንጋጤ አባከንኩት። መፍቻው ከእጄ ተመንጭቆ ግድግዳው ላይ ተላተመ። ጣቴን የሆነ ነገር ገሸለጠው። ባለቤቴ በጠረጴዛው ላይ ዘሎ ሶኬቱን ከነገመዱ መነጨቀው።

«እንታይ ኮይንኪ! ምን ሆንሽ! አሳዪኝ! እጅሽን አሳዪኝ!»

እጄን ይዞ ጣቶቼን እንደ ሕፃን ጣት አንድ በአንድ ዘረጋቸው። ቆዳ ነው የሄደው፤ ደሙ ግን ብዙ ነበር።

«አምስት ናቸው» አልኩት። «ስታገባኝም አምስት ነበሩ።»

አልሳቀም። መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እጄን ጭኑ ላይ አድርጎ በነጠላዬ ጫፍ ጠቀለለው። አቦይ በሩ ላይ ቆመዋል፤ ሙስበሃቸው ወድቋል።

«ጓለይ፣ ልጄ» አሉ። «መብራቱ ሲመጣ እንድትሰሙት ብዬ ነው።»

ምን ይባላል? እኔ እንኳ ተናዳጅ ነኝ፣ ደሜ ፈልቷል፤ እሳቸውን ግን በየትኛው አፌ? «አብሽሩ አቦይ፣ ምንም አልሆንኩም» አልኩና ዞሬ ባሌ ላይ ጮኽኩ። አምፖል ግዛ ብዬህ አልነበረም? ስልክህን ታቅፈህ ትዞራለህ! አባትህን ብቻቸውን! ምስኪን፣ ነጠላውን ብቻ ያጠብቃል።

ደሙ ሲቆም ያቺን ማብሪያ ነቅዬ ጣልኳት። ማስነሻውም በቦርዱ በኩል እንዲሆን ገጠምኩ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሰው እንደገና ሳያዘው እንዳይነሣ የሚያደርግ ቁጥር ነበረ፤ እሱንም ፈልጌ አስገባሁ። ባለቤቴ ደግሞ ብሬከሩ ሥር ቆሞ፣ «ከዛሬ ጀምሮ መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ ከዚህ ታጠፊያለሽ፣ ከዚያ ነው እጅ የሚገባው» አለኝ። ሁለቴ አስደገመኝ።

ከዐስር ሶላት በኋላ ስምንት ሺህ አዘዝኩ። ስምንት ሺህ። ዐሥራ ሁለት። ዐሥራ ሁለት! ዐሥራ ስድስት ብዬ ዋንዛው ላይ ለቀቅኩት። ጩኸቱ ሁሉ ጠፍቶ ንብ ቀፎ ውስጥ ያለች ይመስል ነበር። ፍቅፋቂው ነጭ ሆኖ እየተጠቀለለ ወረደ፤ ጭስ የለ፣ መክሰል የለ። የባለቤቴ ሐረግ፣ ድሮ በመሮ ሲቆፍረው የሚውለው ያ ሐረግ፣ ዐይኔ እያየ ወጣ። እልል አልኩ። ብቻዬን። በተጠቀለለው እጄ የባለቤቴን ጀርባ ደበደብኩት። ሠራ! እንግዲህ ይቀመጣል፣ አልኩ በልቤ።

እሱ ግን አዲስ እንጨት አምጥቶ አስቀመጠልኝ። «አሁን አንቺ ብቻሽን» አለ። እንጨቱ ወዴት እንደሚሰነጠቅ በጣቱ እየነካ አሳየኝ። ሲያፏጭ ፍጥነቱን ቀንሺ፣ እርጥብ ዋንዛ አትቀበዪ፣ ማሰሪያውን ሁለቴ ፈትሺ። እኔ ሞኟ ስለ ጣቴ ተጨንቆ ነው ብዬ ልቤ ቅቤ ጠጣ። ሥዕሎቹን ሁሉ ላፕቶፔ ላይ ጫነልኝ። ማክሰኞ የሆቴሉ ሰው ሲመጣ ይህን በዪው፣ ያን እንዳትዪው ሲለኝ ነው ጆሮዬ የቆመው።

«አንተ ለምን አትነግረውም?»

እንጨቱን በመዳፉ ጠረገ። አቦይን አየሁ። ፊታቸውን ወደ ግቢው አዞሩ። እሳቸውም ያውቁ ነበር!

«እሑድ ሌሊት ነው የምንወጣው» አለ። «አሁን ልቤ ያርፋል። ማሽኑ ይሠራል፣ አንቺ ትችዪዋለሽ። አትራቡም።»

ለካ ሁለታችንም አንድ ሽቦ ስንጎትት ነው የከረምነው፣ እኔ እንዲቀመጥልኝ፣ እሱ እንዲሄድ። ያኔ ያሰብኩትን ልናገር፤ ምነው ጣቴን በቆረጠው ኖሮ አልኩ። ሁለቱን ወስዶልኝ ቢሆን የት ጥሎኝ ይሄድ ነበር? እንዲህ ብዬ በራሴ እጅ ላይ ክፉ ተመኘሁ። ከዚያ ንዴቱ መጣ፤ ንዴቴ አንድም ቀን ጥሎኝ ሄዶ አያውቅም።

ፒንሳውን አነሣሁ። ረፋዱን ሙሉ የለፋሁበትን ቀጭን የትእዛዝ ሽቦ ከኢንቨርተሩ ሥር ይዤ ቆረጥኩት። እንደገና ከቦርዱ ሥር ቆረጥኩት። ካርዷን ነቅዬ ጡቴ ሥር፣ ልብሴ ውስጥ ከተትኳት።

«ይኸው» አልኩት። «አይሠራም። ባዶ ቤት ጥዬ አልሄድም ብለሃል፤ ባዶ ነው፣ ተመልከት!»

አቦይ «ዋእ!» አሉ፤ ከዚያ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልገባኝም። ባለቤቴ የተቆረጡትን ሁለት ጫፎች አንሥቶ አያቸው፣ እርስ በርስ አነካካቸው፤ ምኑ ከምኑ እንደሚገጥም አያውቅም። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነዘረ። አላነሣውም። ነዘረ፣ ነዘረና ቆመ።

«መቼ ነው የምትቀጥይው?» አለኝ፣ ድምፁ ተሰብሮ።

«ማክሰኞ» አልኩት። «እዚህ ካገኘሁህ።»