ስሜን እንዳትጠሩ

የሞራ ሽታ አልችልም። ምግብ ላይ ያለውን ማለቴ አይደለም፤ ቆዳ ላይ ታሽቶ ፀሐይ ያሞቀውን ነው። ባለፈው ሳምንት ጫማዬ ተቀዶብኝ መሃል ከተማ አንድ ጫማ ሰፊ ዘንድ ተቀመጥኩ። ሽማግሌው አሮጌ የወታደር ቦት ላይ በጨርቅ ሞራ ያሻሉ። ሽታው ሲመጣ ተነስቼ ልሄድ ነበር። ግን በአንድ እግር ጫማ ወዴት ይኬዳል?

ጋሼ ኳስ የሚያሹት እንደዚያ ነበር። ስማቸውን አልጽፍም፤ ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ። በደርግ ጊዜ እዚሁ ሀዋሳ የአንድ ፋብሪካ ቡድን አሰልጣኝ ነበሩ፤ ከእኛ ቤት የሚለያቸው የሸንበቆ አጥር ብቻ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በርጩማቸውን ደጅ ያወጡና ኳሶቹን አንድ በአንድ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ ስፌት ስፌቱን እየተከተሉ ሞራ ያጠጧቸዋል። ከሐይቁ የሚነሳው እርጥበት ቆዳውን እንዳያከብደው ነው። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ጨርቁን እይዝላቸዋለሁ፣ አፌ ግን አያርፍም። «ፊሽካ» ይሉኝ ነበር። «ይቺ ልጅ ሜዳ ዳር ካለች ዳኛው ምን ይሠራል?»

ከአሰልጣኝነት የተነሱት ተሸንፈው አይደለም። ያኔ ከጨዋታ በፊት ቡድኑ ተሰልፎ ግራ እጁን እያነሳ መፈክር ያሰማል። ጋሼ ጴንጤ ነበሩ፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ዝም ይላሉ። አንዴ ታዩ፣ ሁለቴ ታዩ፣ በሦስተኛው ዕቃ ግምጃ ቤት ተመደቡ። በቦታቸው የመጣው ሰውዬ መፈክር ላይ ጎበዝ ነበር፤ ቡድኑ ግን መሸነፍ ጀመረ።

የሰው ፍቅር የባሰበት ያኔ ነው። በየሻይ ቤቱ ወሬው «እሱ ቢኖር ኖሮ» ሆነ። ጋሼ እንደማንኛውም ሰው ቲኬት ቆርጠው ሲገቡ፣ የሚቀመጡበትን ድንጋይ በኮቱ የሚጠርግላቸው አይጠፋም። ተጫዋቾቹ ራሳቸው ኳስ ሲነጠቁ የሚያዩት ወደ አዲሱ አሰልጣኝ አይደለም፤ ወደ እኛ ወደ ሕዝቡ፣ ወደ ጋሼ ቆብ ነው።

አንድ ቅዳሜ አባዬን በአጥሩ ላይ ጠሩት።

«አደራህን፣ ነገ ሜዳ ላይ ማንም ስሜን እንዳይጠራ። ለጓደኞችህ ሁሉ ንገር። ቢሮ ጠርተው ሕዝቡን የምታነሳሳው አንተ ነህ ብለውኛል። ልጆች አሉኝ።»

«ታዲያ ለምን አትቀርም?» አለ አባዬ።

«ሞክሬ ነበር። ጩኸቱ እቤት ድረስ ይሰማል። ማን አገባ፣ ማን ሳተ እያልኩ ግድግዳ ሳይ መዋል አልቻልኩም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ፊሽካ፣ ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ።»

«በይ፣ ቃልሽ ነው።»

እሑድ፣ በዕረፍት ሰዓት ሁለት ለዜሮ እየተመራን ነበር። ከግቡ ኋላ አባ ኮዳ ወፎች እንደ ተቀያሪ ተጫዋች ተደርድረው ቆመዋል። ጋሼ በእኔና በአባዬ መሃል ተቀምጠው፣ ቆባቸውን እስከ ቅንድባቸው አውርደው ቆሎ ይቆረጥማሉ። ካኪ የለበሰ ካድሬ ሜጋፎን ይዞ ሜዳ ገባ። «ኢምፔሪያሊዝም!» አለ። «ይውደም!» አልን፣ ግማሻችን። «ፊውዳሊዝም!» አለ። የተሸነፈ ሕዝብ ነው፣ ሰልችቶት ዝም አለ።

ያ ዝምታ! ዝምታ ካየሁ ካልሞላሁት አይሆንልኝም፤ ዛሬም አልተወኝም። ስንት ዓመት ምክንያት ፈለግኩለት፤ የለውም። እወዳቸው ነበር፣ እየተሸነፍን ነበር፣ ጸጥ አለ። ስማቸውን በቀጭኑ ድምፄ ጠራሁና «ይግቡ!» አልኩ።

ከኋላዬ አንዱ ሳቀና ተቀበለኝ። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ሜዳው በሙሉ ስማቸውን እየጠራ «ይግባ! ይግባ!» አለ። ጋሼ ተነሱ። ቆባቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ዝቅ አደረጉት፣ ተዉ እያሉ ለመኑ። ሰዉ እጅ የነሱት መስሎት ባሰበት። ካድሬው ሜጋፎኑን አውርዶ ወደ እኛ ያይ ነበር።

ሁለተኛው አጋማሽ እንደተጀመረ ሁለት ሰዎች መጡ። «ለአንድ ጥያቄ ነው፣ አሁን ይመለሳል» አሉት አባዬን፣ በጨዋ ደንብ። ጋሼ የቀራቸውን ቆሎ መዳፌ ላይ ገለበጡልኝና ሄዱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሦስት ለሁለት አሸነፍን። ሕዝቡ ስማቸውን እየዘፈነ እስከ ሐይቁ ድረስ ወረደ። ባለስሙ በየት በኩል እንደወጡ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ባለቤታቸው እትዬ ማርታ ለሳምንታት ወደ እስር ቤት ስንቅ አመላለሱ። አንድ ቀን የምሳ ዕቃው እንደሞላ ተመለሱ። «ከእንግዲህ አታምጪ አሉኝ» አሉ። በዚያ ዘመን የዚህ ትርጉም አይጠየቅም፤ ሰውዬው የሉም ማለት ነው። እኛ በራፍ ላይ ቆመው አባዬን «መጀመሪያ የጠራው ማነው?» አሉት።

«ሕዝቡ ነው» አለ አባዬ፣ እኔን ሳያይ።

«ሕዝብ እኩል አፉን አይከፍትም» አሉ። ከእናቴ ቀሚስ ኋላ ነበርኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ ዝም አልኩ፤ በማይገባው ቦታ።

ልጆቻቸውን ይዘው ወደ አገራቸው ሲሄዱ አንድ ኳስ እኛ ቤት ተዉ። ልጆቹ ባዩት ቁጥር ያለቅሳሉ አሉ።

ጫማ ሰፊው ቀና ብለው ትክ ብለው አዩኝ። «አንቺ! ቁርጥ አባትሽን፤ ፊሽካ አይደለሽም? ያን ቀን የጀመርሽው አንቺ እኮ ነሽ! ሜዳው እንደዚያ ቀን ሞቆ አያውቅም። እኛ እሱን መቼም አንረሳውም። እስቲ ስሙን አንዴ ጥሪልኝ፣ ጫማሽን በነፃ ነው የምሰፋልሽ!»

ፊታቸው በርቷል። የሰውዬውን መጨረሻ ሳያውቁ ቀርተው አይደለም፤ ቀኑ ግን አሁንም ደስ ይላቸዋል።

«ጫማዬን ይስጡኝ አባባ» አልኩና እንደተቀደደ አድርጌው ወጣሁ።

ዛሬ ስማቸውን ብጽፍ የሚይዘኝ የለም። ቢሆንም አንዴ አትጥሪ ብለውኝ ጠርቻለሁ፤ ይበቃል። ኳሱን አባዬ እስኪሞት ድረስ በየቅዳሜው ሞራ ያሸው ነበር። አሁን እኔ ነኝ። አየሩ ወጥቶ ተጨማዷል፣ የሚመታው የለም። ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ ሽታውን ችዬ፣ ስፌት ስፌቱን እከተላለሁ። አፌን ዘግቼ።