የሁለት አገር ኩርፊያ

ባለቤቴ ሀቢሶ ደቡብ አፍሪካ፣ ቮስሎሩስ በሚባል ሰፈር ሱቅ ከከፈተ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። የማያገባውን ነገር ካልጠየቀ ምግብ አይዋጥለትም። አሜሪካ የደቡብ አፍሪካን አምባሳደር ያባረረች ሰሞን ደግሞ ባሰበት፤ ዳቦ ሊገዛ የመጣውን ሁሉ በሱቁ የብረት ፍርግርግ በኩል ይጠይቅ ጀመር።

«ሁለቱ አገሮች ተኳርፈው እንዴት ይገበያያሉ? እኛ አገር የተጣላ ሰው ሽማግሌ ሳያስታርቀው አንድ ማዕድ አይቀርብም።»

አንድ ቀን አዛውንቷ ደንበኛችን ጎጎ ታንዲ ሳቅ ብለው፣ «አንተና ምሕረቱስ?» አሉት።

ምሕረቱ ፊት ለፊታችን ያለው ባለሱቅ ነው። ከሀቢሶ ጋር ከተዘጋጉ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። ሆኖም ማክሰኞ ማክሰኞ ዕቃ ለማምጣት ወደ ጅምላ መደብሩ የሚሄዱት በአንድ ፒክአፕ ነው፤ ምሕረቱ ይነዳል፣ እኔ መሃል ተቀምጬ የአንዱን ቃል ለሌላው አቀብላለሁ።

ሀቢሶ ዳቦአቸውን አቀብሏቸው ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ። ባለፈው ማክሰኞ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ስንደርስ በእኔ ራስ ላይ አሻግሮ ምሕረቱን፣ «ለመሆኑ አዲስ አምባሳደር ተላከ እንዴ?» አለው።

ምሕረቱ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ፣ «እኔም አንተን ልጠይቅህ ነበር» አለው።