ጋሼ ማዳም ሲሆኑ

ጋሼ የሟች ባለቤታቸውን ቶብ ተከናንበው፣ ነጭ ጺማቸውን በጨርቁ ጫፍ ሸፍነው "ያ በት!"፣ አንቺ ልጅ፣ ብለው ሲጮሁብኝ በሳቅ እፈርሳለሁ። ቶብ የሱዳን ሴቶች ከራስ እስከ እግራቸው የሚጠቀለሉበት ረጅም ጨርቅ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ካርቱም ከወንዙ ማዶ፣ ባሕሪ፣ ጋራዥ ውስጥ መኪና ሥር ተኝቶ ለኖረ ሽማግሌ የሚሆን ልብስ አይደለም። እሳቸው ግን ወንበሩ ላይ እግራቸውን አጣምረው ይቀመጡና "ሳቅሽን ጨርሺና መልሺ፤ ማዳም እየጠበቀች ነው" ይሉኛል። ኮስተር ብለው ነው ደግሞ! እንዲህ ካለ ሰው ፊት ማን ሳቁን ይይዛል?

ለማያውቅ ልንገር። እኔና ጋሼ ካርቱም ውስጥ በሰው ቤት ለሚሠሩ ያገራችን ልጆች አረብኛ የሚያስተምሩ አጫጭር ቪዲዮዎች እየሠራን ኢንተርኔት ላይ እንለቅ ነበር። እኔ ሠራተኛዋን እሆናለሁ፤ ጋሼ አሠሪዋን፣ ማዳሟን ይሆናሉ። በአረብኛ ያዙኛል፣ ይቆጡኛል፣ ያባብሉኛል። እኔ እመልስላቸውና ወደ ካሜራው ዞሬ ምን እንደተባባልን በአማርኛ አስረዳለሁ።

የጀመርነው በሱዳኑ አብዮት ሰሞን ነው። እኔ የምሠራው እዚያው ሳጃና ሰፈር፣ ከጋሼ ጋር ተከራይተን ከምንኖርበት ግቢ አለፍ ብሎ ካለ የሴቶች ጸጉር ቤት ነበር። ሰልፍ ባለ ቀን ድልድዮቹ ይዘጋሉ፣ ጎማ ይቃጠላል፤ ጸጉሯን ልትሠራ የምትመጣ ሴት ከየት ትገኛለች? የጎረቤቶቻችን ልጆች ባንዲራ ለብሰው ሲወጡ በር ላይ ቆመን እንሸኛቸውና ግቢ ገብተን እስኪመለሱ በሐሳብ እንብሰለሰላለን። ከነዚያ ቀናት በአንዱ፣ ከሀገር ቤት አዲስ ለመጣች ልጅ ካውያ በአረብኛ "መኩዋ" እንደሚባል ስነግራት፣ ጋሼ ከክፍላቸው ሆነው ሰሙኝ። "እንዲህ በባዶ አይያዝላትም፤ ማዳም ስትቆጣ ነው የሚያዝላት!" አሉና ቶቡን ከሻንጣ አውጥተው መጡ። አብራኝ የምትኖረው ጓደኛዬ ስልኳን ደቀነች። በቃ፣ በዚያው ቀረን።

ማዳምነቱን ከየት አመጡት? ከባለቤታቸው ነው። ነፍሳቸውን ይማርና፣ እትዬ ዕድሜ ልካቸውን ሱዳኖች ቤት ነው የሠሩት። ወደ ቤት ሲመለሱ ውሏቸውን የሚያወሩት ማዳማቸውን ሆነው ነበር አሉ፤ አረማመዷን፣ ቁጣዋን፣ ራሷን ሲያማት የምትተነፍሰውን ሳይቀር። "ድካሟን በኔ ሳቅ ነበር የምታራግፈው" ይላሉ ጋሼ። ልጅ አልነበራቸውም። የጋሼ አማርኛ ካርቱም ላይ ኖሮ ኖሮ ግማሹ አረብኛ ሆኗል። ስለ እትዬ ሲያወሩ ግን አንድ ቃል አይጠፋባቸውም።

ልጆቹ ወደዱን። ወጥ እያማሰሉ፣ ልብስ እየተኮሱ ነው የሚያዩን። "ጋሼ፣ የኔን ማዳም ቁርጥ!" ብለው ይጽፋሉ። "ትናንት ስትቆጣኝ እርስዎ ትዝ ብለውኝ ሳቅኩ፤ ባሰባት" ያለችም አለች። ቆይቶ ደግሞ "ረሲድ እንላክልሽ" የሚል መጣ። ረሲድ የስልክ ካርድ ነው፤ ካርቱም ውስጥ እንደ ገንዘብ ከሰው ወደ ሰው ይላላካል። እኔም ቁጥሬን ሰጠሁ።

አሁን የሠራሁትን ጉድ ስሙ። በኛ ግቢ ጎረቤት በሰሃን ምግብ ከላከ ሰሃኑ ባዶውን አይመለስም፤ ሐበሻውም ሱዳኑም በዚህ አንድ ነው። እኔም አንዷ ረሲድ ስትልክልኝ እጄ ዝም ብሎ መቀበል እምቢ አለኝና ግማሹን መልሼ ላክሁላት። እሷስ የማን ልጅ ናት? "ምነው ናቅሽኝ?" ብላ ሌላ ጨምራ ላከች። እኔ ከዚያ ላይ መለስኩ። ማዮ ሰፈር ከምትኖር አንዲት ልጅ ጋር እንዲሁ ስንላላክ ዋልን፤ የተጠቀመው የስልኩ ድርጅት ብቻ ነው። ጓደኛዬ ስትደርስብኝ ራሷን ያዘች።

"አንቺ ሴት፣ አብደሻል? የጎረቤት ሽሮ መሰለሽ እንዴ?"

"ታዲያ ዝም ብዬ ልብላው?"

"መመለስ ካማረሽ በሥራሽ መልሺዋ! ሌሎቹ ለደጋፊዎቻቸው ለብቻ ስጦታ ያዘጋጃሉ። ለላከች ይሰጣል፤ ላልላከች የለም።"

ቀልድ አልነበረም። አሮጌው መንግሥት ወድቆ ሽግግሩ ከመጣ ወዲህ ተስፋው ብዙ፣ ኑሮው ግን እሳት ሆኖ ነበር። መብራት ግማሽ ቀን ይጠፋል፤ ጸጉር ማድረቂያው ቆሞ እኛም ቆመን እንውላለን። የጸጉር ቤቱ ባለቤት ልትዘጋው ታስባለች። እኔን ደግሞ አንድ ትልቅ ቤት አዳሪ ሠራተኛ አድርጎ ሊቀጥረኝ ይፈልጋል፤ እዚያ ከገባሁ ስልክ መያዝ የለም፣ ቪዲዮም የለም። እንግዲህ ወይ ቪዲዮው ራሱን ይችላል፣ ወይ እኔ ሰው ቤት ገብቼ ነገሩ ይቀራል። ሰው ቤት ደግሞ አንዴ ኖሬበታለሁ፤ ሁለተኛ አልመለስም ብዬ ነበር የወጣሁት።

ስለዚህ ተስማማሁ። ጓደኛዬ ስጦታዎቹን አሰበች፦ ለላከች ስሟን በቪዲዮ እንጠራለን፤ ጋሼ በማዳም ድምፅ ሰላምታ ይልኩላታል፤ ጥያቄ ካላት ደግሞ ለእሷ ብቻ ትምህርት ይሠራላታል። ማስታወቂያውን ቀርጸን እሑድ ልንለቀው ስልክ ላይ አስቀመጥነው። ጋሼ በዚያ ቪዲዮ ላይ አልቀርብም አሉ። "እሷ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ስትጫወትልኝ አስከፍላኝ አታውቅም" ብለው ክፍላቸው ገቡ።

እሑድ ሳይደርስ አንዲት ልጅ ጻፈች። እናውቃታለን፤ ፎቶ የላትም፣ ሁልጊዜ "ደህና ዋሉ ጋሼ" ብቻ ብላ የምትሄድ ናት። ያን ቀን ግን ረዘም አድርጋ ጻፈች። ባሕሪ አንድ ቤት ትሠራለች። ከፋሲካ በኋላ የወንድሟ ሠርግ ነው፤ ሀገሯን ካየች ዘመን የለውም። ጀዋዟን፣ ፓስፖርቷን፣ ማዳሟ ቆልፋበታለች። "ሳላስቀይማት ጀዋዜን ስጪኝ እንዴት ነው የምላት? ረሲድ እንዳልክ ከቤት አልወጣም" ይላል።

አንጀቴን በላችው። ጓደኛዬም ልቧ አልጨከነም፤ ግን "ጥያቄ መመለስ ከስጦታው አንዱ ነው፤ ገና ሳንጀምር ለአንዷ በነፃ ከሰጠን ሁሉም ለኔስ ይላል" አለች። እኔ መሐል መንገድ የያዝኩ መሰለኝ። "ማንም ሳያይ በድምፅ ብቻ እልክላታለሁ" አልኩ።

ጋሼ ከበሩ ላይ ሆነው ይሰሙናል። "ጀዋዟ የተያዘባት እሷ ብቻ ናት?" አሉ።

ንዴቴ መጣ። "ጋሼ፣ እርስዎ ምን አለብዎት! ሰው ቤት የምገባው እኔ ነኝ!" አልኳቸው። እንዲያ ጮኼባቸው አላውቅም። እሳቸው ሄደው ቶቡን ተከናንበው መጡና ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። "ያላ፣ ክፈቺ" አሉ ካሜራውን እያዩ። እንዲያ ለብሰው ተቀምጠው ምን እላቸዋለሁ? ከፈትኩት።

"ሎ ሰመሕቲ፣ ጀዋዚ" አልኩ። እባክሽ፣ ፓስፖርቴን ማለት ነው።

"ቡክራ!" አሉ ማዳም። ነገ።

"ሎ ሰመሕቲ፣ ጀዋዚ።"

"ኢንሻላህ!" ራሴን አመመኝ አሉ። ረመዳን ይለፍ አሉ። የሳጥኑ ቁልፍ ጠፋብኝ፣ እስኪገኝ ታገሺ አሉ። እንደ ልጄ አድርጌ ይዤሽ ጥለሽኝ ልትሄጂ ነው ብለው አለቀሱ፤ እውነተኛ እንባ አመጡ፣ ሰውየው! ባለቀሱ ቁጥር "አትከራከሪ፣ አትለማመጪ፣ ያንኑ ድገሚ" ይሉኛል በአማርኛ፤ ከዚያ ተመልሰው ያለቅሳሉ። መጨረሻ ላይ ቶቡን ከፊታቸው ገለጥ አድርገው ካሜራውን አዩ። "ልጄ፣ ጀዋዝሽ ያንቺ ነው" አሉ። ለሁሉም ክፍት አድርገን ለቀቅነው። ማስታወቂያውም ሳይለቀቅ ቆየ።

በዚያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ተገጣጥመው ነበር፤ ሐበሻውም ሱዳኑም ጿሚ ነው። በሕማማት ሳምንት ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። አንዲት ቀጭን ልጅ በጨርቅ የተሸፈነ ሰሃን ታቅፋ ቆማለች። "ደህና ዋሉ ጋሼ" አለች፤ በዚያ አወቅናት።

አስቀምጠን አስወራናት። ትምህርቱን ለማጥናት ወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ ስልኳን አስደግፋ፣ ለማፍጠሪያው ሽንኩርት እየከተፈች ደጋግማ ትከፍተዋለች። ለካ ማዳሟ በር ላይ ቆማለች! አማርኛውን አታውቅም፤ አረብኛውን ግን አንድ በአንድ ትሰማለች። ቡክራ ሲባል ፈገግ አለች። ራስ ምታቱ ላይ ሳቋ አመለጣት። "የሳጥኑ ቁልፍ ጠፋብኝ" ሲባል ግን ሳቋ ተቋረጠ፤ ባለፈው ወር ለልጅቷ ያለቻት ያንኑ ነበር። ወጥታ ሄደች። ስትመለስ ጀዋዙን ከሽንኩርቱ አጠገብ አስቀመጠችው።

"እኔ እኮ አፌን አልከፈትኩም" አለች ልጅቷ፣ አሁንም ሳታምን። "ከዚያ ሴትየዋ ማናት አለችኝ። ወንድ ነው ስላት መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች።"

ጋሼ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነበር። እኔ ደግሞ ያ በድምፅ ብቻ ያልኩት ትዝ አለኝ። እንዳሰብኩት በድምፅ ለእሷ ብቻ ልኬላት ቢሆን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ትሰማው ነበር፤ ማዳም ከየት ትሰማዋለች? ጓደኛዬ ቀና ብላ አየችኝ፤ እሷም ያንኑ እያሰበች ነበር።

ሰሃኑን ስንገልጠው ፉል፣ ጠዕሚያ የሚሉት የሽንብራ ጥብስና ቴምር ነው። "ጾማቸው ነው፣ ሥጋ እንዳይኖርበት ብላ ራሷ ናት የሞላችው" አለችን ልጅቷ። በማግስቱ በገዳሪፍ በኩል ወደ ሀገሯ ሄደች።

ሰሃን ደግሞ ባዶውን አይመለስም። ፋሲካ ሲያልፍ ድፎ ዳቦ ጋግሬ ሰሃኑ ላይ ቆርሼ ሞላሁና፣ ጋሼን አስከትዬ ማፍጠሪያ ሳይደርስ በሃፍላ፣ በአውቶቡሱ፣ ባሕሪ ተሻገርን። በሩን የከፈተችልን ጠይም፣ ወፈር ያለች፣ በእናቴ ዕድሜ ያለች ሴት ናት። ጋሼ ገና "አሰላሙ አለይኩም" ሲሉ ድምፃቸውን አወቀችው። ጣቷን ቀስራ "አንተ ነህ እኔ!" አለች በአረብኛ። ጋሼ በሐፍረት የሚገቡበት ጠፋቸው፤ እሷም እኔም ሳቅን።

ከተቀመጥን በኋላ ግን ረጋ አለች። ልጅቷ ደውላ ደርሻለሁ ብላታለች። "በቋንቋዋ የምላት አንድ ነገር አለ" አለች። "ቤቱ ያላንቺ ጭር ብሏል፣ በሐበሻ እንዴት ይባላል?"

ጋሼ ምንም አረብኛ ሳይቀላቅሉ፣ ጥርት አድርገው፣ "ቤቱ ያላንቺ ጭር ብሏል" አሏት። ደገመችው። አረሟት፤ ደገመችው። እኔ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ትምህርት ላይ ሳቅ አልመጣኝም። ደስ ስትሰኝ ስልኳን አወጣች። "ረሲድ ልላክላችሁ። ለትምህርቱ ስንት ታስከፍላላችሁ?"

ጋሼ እኔን አዩኝ። መልሱን ለኔ ነው የተዉት።

"በነፃ ነው" አልኩ። "ለሁሉም።"

እሷ ግን እንዲሁ አልለቀቀችንም፤ ሰሃኑን ቴምር ሞልታ መልሳ አስታቀፈችኝ። ሃፍላው ውስጥ ሰሃኑን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ማስታወቂያውን ከስልኬ አጠፋሁት። ረሲድ የሚልክ መላኩን አልተወም፤ መልሼ መላኩን ግን ተውኩ፤ ሰሃናቸውን በትምህርቱ አስቀድመን ሞልተንላቸዋል እኮ። ጸጉር ቤቱም መብራት የማይጠይቅ ሹሩባና ሒና ይዞ እየተንገዳገደ ቆየ። ሰው ቤት አልገባሁም።

ያ የቴምር ሰሃን ግን ዛሬ ነገ ስል ሳይመለስ ቆየ። ጦርነቱ መጥቶ ስንበታተን ከልብሴ ጋር ጠቅልዬ ይዤው ወጣሁ። ማዳም የት እንዳለች አላውቅም፤ የባሕሪው ስልኳም አይሠራም። ጋሼ ገዳሪፍ ናቸው። አንዳንዴ ይደውሉና ሰላም እንኳ ሳይሉኝ፣ በዚያ በማዳም ድምፅ፣ "ያ በት! ሎ ሰመሕቲ፣ ሰሃኔን!" ይሉኛል።

"ቡክራ" እላቸዋለሁ። "ኢንሻላህ።"

አይከራከሩኝም። ያንኑ ይደግሙታል።